ባዶው አፓርታማ፦ ማልታ ዜግነት የሸጠችባቸው ዓመታት

ማልታ አዳዲስ ዜጎቿን በየዓመቱ በመንግሥት ጋዜጣ ታሳውቃለች። ዜግነት በገንዘብ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ግን ዝርዝሩን የሚያገላብጡ ጋዜጠኞች አንድ ነገር አስቸገራቸው። ስሞቹ የተደረደሩት በቤተሰብ ስም ሳይሆን በመጠሪያ ስም ፊደል ተራ ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አበበ ከአየለ ይቀድማል፣ የአባት ስም ተከታይ ነው። የስልክ ማውጫው ሁሉ በቤተሰብ ስም ለሚሰናዳለት አውሮፓዊ ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ቤተሰብን በታትኖ የሚያስቀምጥ፣ ሰው ፈልጎ ለማግኘት የማይመች ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ከፍሎ የገባው ባለጸጋ፣ ማልታዊት አግብቶ ወይም ደሴቲቱ ላይ ዓመታት ሠርቶ ዜጋ ከሆነው ሰው ጋር ተቀላቅሏል። ማን በየትኛው በር እንደገባ አይታወቅም። አንድ መንግሥት ሸቀጡን በዓለም ዙሪያ እያስተዋወቀ ገዢዎቹን የሚሸሽግ ከሆነ፣ የሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዜግነትን በገንዘብ ማግኘት ማልታ የፈለሰፈችው ነገር አይደለም። ዓለም አቀፍ ሕግ የተማረ ሰው ሁሉ የኖተቦምን ጉዳይ ያውቃል። ፍሪድሪክ ኖተቦም በ1881 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃምቡርግ ውስጥ ተወለደ። ከ1905 ጀምሮ ኑሮውም ንግዱም ጓቴማላ ሆነ፤ ዜግነቱ ግን ጀርመናዊ እንደሆነ ቆየ። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ አውሮፓ ውስጥ ነበር። ወንድሙ በሚኖርባት በትንሿ ሊኽተንሽታይን ኦክቶበር 9 ቀን የዜግነት ማመልከቻ አስገባ፣ ጉዳዩም ሳይዘገይ እንዲያልቅለት ጠየቀ። ለማውረን መንደር 25,000 የስዊስ ፍራንክ፣ ለመንግሥት 12,500 ፍራንክ፣ በየዓመቱ ደግሞ 1,000 ፍራንክ ግብር ሊከፍል ተስማማ። ሕጉ የሚጠይቀው የሦስት ዓመት ኑሮ ቀረለት። ኦክቶበር 20 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከማመልከቻው እስከ መሐላው 11 ቀን መሆኑ ነው። ከዚያም በአዲሱ ፓስፖርት ወደ ጓቴማላ ተመለሰ።

ፓስፖርቱ አላዳነውም። በ1943 የጠላት አገር ሰው ተብሎ ተያዘ፣ ወደ አሜሪካ ተላከ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ በእስር ቆየ። ጓቴማላም ንብረቱን ወረሰች። ሊኽተንሽታይን ለዜጋዋ ልትሟገት ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቤት ብትልም፣ ዳኞቹ በኤፕሪል 1955 በ11 ለ3 ድምፅ ክሷን አልተቀበሉም። ዜግነት የኑሮ፣ የጥቅምና የስሜት ትስስር ያለበት እውነተኛ ግንኙነት ነው፤ በዚህ ሰውና በዚያች አገር መካከል ግን ያ ግንኙነት የለም አሉ። ብዙ የሕግ ሊቃውንት ይህን ፍርድ ጨካኝ ነው ብለው ይተቹታል፤ በአንድ በኩል እውነት አላቸው፣ ሰውየው የሚቆምለት አገር አጥቶ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው የዜግነት ገበያ ሁሉ ግን ዳኞቹ ያነሱትን ጥያቄ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ሲያልፍ የኖረ ነው።

ነገሩን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ያደረገችው የካሪቢያኗ ሴንት ኪትስና ኔቪስ ናት። በ1983 ነፃ ወጥታ በዓመቱ የኢንቨስትመንት ዜግነት ሕግ አወጣች። ለረጅም ጊዜ ያን ያህል ፈላጊ አልነበረውም። የአገሪቱ ዋና መተዳደሪያ የነበረው የስኳር ኢንዱስትሪ በ2005 ሲዘጋ፣ ፕሮግራሙ ሄንሊ ኤንድ ፓርትነርስ በተባለው አማካሪ ድርጅት ምክር በአዲስ መልክ ተዋቀረ። ቋሚ ዋጋ፣ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች፣ የገንዘብ ምንጭ ማጣሪያ፣ ገቢው የሚገባበት ልዩ ፈንድ ተበጀለት። ማልታ ኋላ የወሰደችው ይህንኑ ቅርፅ ነው፤ አማካሪውም ያው ድርጅት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ከ2010 ጀምሮ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ሲናጋ ላትቪያ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔንና ግሪክ ቤት ለገዛ ወይም ገንዘብ ላፈሰሰ የውጭ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመሩ። ይህ ወርቃማ ቪዛ የሚባለው ነው። በግሪክ መነሻው 250,000 ዩሮ፣ በፖርቱጋል 500,000 ዩሮ የሚያወጣ ቤት ነበር። ቪዛው ዜጋ አያደርግም፤ ዜግነት የፈለገ ሰው እንደማንኛውም ነዋሪ ዓመታት ይጠብቃል፣ ቋንቋም ይፈተናል። ወርቃማ ፓስፖርት ግን ያን የጥበቃ ዘመን ራሱን የሚገዛ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በዚህ መንገድ በስፋት የሄዱት ቆጵሮስና ማልታ ናቸው።

ማልታ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ በሲሲሊና በሊቢያ መካከል ያለች የደሴቶች አገር ናት። ቋንቋዋ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፤ ራስን ራስ፣ ደምን ደም ይላል። በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን፣ በ2007 መጨረሻ የሼንገንን ቀጠና ተቀላቀለች። የኅብረቱ ውል ደግሞ የማንኛውም አባል አገር ዜጋ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ነው ይላል። የማልታ ፓስፖርት የያዘ ሰው በርሊንም ስቶክሆልምም ሄዶ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል። ገዢውን የሳበው ይህ እንጂ የደሴቲቱ ፀሐይ አልነበረም።

የሌበር ፓርቲው ጆሴፍ ሙስካት በማርች 2013 ምርጫ በከፍተኛ ድምፅ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በኖቬምበር፣ ፓርላማው የዜግነት ሕጉን አሻሽሎ የግል ባለሀብቶች ፕሮግራምን አቋቋመ። በመጀመሪያው ረቂቅ ዋጋው 650,000 ዩሮ ነበር፤ አገሪቱ ላይ መኖር አያስፈልግም፣ የገዢው ስምም በምስጢር ይያዛል። ሕዝቡ ጮኸ። የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ሳይመን ቡሱቲል ሥልጣን ከያዝን የተሸጡትን ፓስፖርቶች እንሰርዛለን እስከማለት ደረሱ። መንግሥት ወደኋላ ብሎ ምስጢሩን አነሳና ዋጋውን ከፍ አደረገ። 650,000 ዩሮ ለመንግሥት፣ 150,000 ዩሮ በቦንድ ወይም በአክሲዮን፣ በተጨማሪም 350,000 ዩሮ የሚያወጣ ቤት መግዛት ወይም በዓመት ቢያንስ በ16,000 ዩሮ ለአምስት ዓመት መከራየት ግዴታ ሆነ። ለሚስትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች 25,000፣ ለጎልማሳ ልጆችና ለአረጋውያን ወላጆች 50,000 ዩሮ በነፍስ ወከፍ ይጨመር ነበር። የዋና አመልካቾች ቁጥር ከ1,800 እንዳይበልጥም ገደብ ተጣለ።

ያ የ2013 ዓመት ሌላም ነገር የታየበት ነው፣ ለእኛም የሚቀርበው ይኼኛው ገጽ ነው። በጁላይ ወር ከሊቢያ በባሕር የመጡ ሶማሌያውያንን መንግሥት በአውሮፕላን ሊመልስ መሆኑ ተሰምቶ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በአስቸኳይ ትእዛዝ አስቆመው። በኦገስት ሳላሚስ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ 102 ስደተኞችን ከባሕር አንሥታ ስትመጣ ማልታ አላስጠጋም አለች። አራት ነፍሰ ጡሮችና የአምስት ወር ሕፃን ተሳፍረውባት ነበር። በመጨረሻ የተቀበለቻቸው ጣሊያን ናት። በእነዚያ ዓመታት ያለ ፈቃድ በጀልባ የገባ ሰው እስከ 18 ወር ሊታሰር ይችል ነበር፤ በሳፊ የጦር ካምፕ ከነበሩት መካከል የእኛ አገር ልጆች፣ ኤርትራውያንና ሶማሌያውያን ነበሩበት። ለከፈለው የተወሰነው የጥበቃ ጊዜ ደግሞ፣ አሁን እንደምናየው፣ 12 ወር ሆነ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

የ12 ወሩ ነገር እንዲህ ነው። በጃንዋሪ 2014 የአውሮፓ ፓርላማ በ560 ለ22 ድምፅ የዜግነት ሽያጭን አወገዘ። የአውሮፓ ኮሚሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ቪቪያን ሬዲንግም ዜግነት ለሽያጭ ሊቀርብ አይገባም ብለው በምክር ቤቱ ተናገሩ። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም፤ ቢሆንም ኮሚሽኑና ማልታ በወሩ መጨረሻ ተነጋግረው ስምምነት ላይ ደረሱ። አመልካቹ ዜግነቱን ከማግኘቱ በፊት ለ12 ወራት የማልታ ነዋሪ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት ተባለ። ኮሚሽኑ የኖተቦምን ጥያቄ አንሥቶ መልስ ያገኘ መሰለው።

መሥሪያ ቤቱ ግን ነዋሪነትን የተረጎመው በወረቀት ነው። አሠራሩን በቅርብ እንየው። አመልካቹ በቀጥታ ወደ መንግሥት አይሄድም፤ ፈቃድ ያለው ወኪል ይይዛል። ወኪሉ የመኖሪያ ፈቃድ ያስጀምርለታል፣ ለዚህም ሰውየው ማልታ መጥቶ አሻራ ይሰጣል። አሻራው በተሰጠበትና ካርዱ በወጣበት ጊዜ የ12 ወሩ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ሰውየው ተመልሶ ወደ ሥራው፣ ወደ ሞስኮ ወይም ወደ ሻንጋይ ይሄዳል። በመሐሉ ወኪሉ የልደት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ ከፖሊስ የነፃነት ማስረጃ፣ የሀብት ምንጭ መግለጫ ይሰበስባል። መሥሪያ ቤቱና የሚቀጥራቸው መርማሪ ድርጅቶች ያጣራሉ። ይህ ማጣሪያ ለይስሙላ ብቻ ነበር ማለት ተገቢ አይደለም፤ ብዙ ማመልከቻዎች ወድቀዋል። ከጸደቀ በኋላ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ቦንዱ ይገዛል፣ የኪራይ ውሉ ይቀርባል። ዓመቱ ሲሞላ ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣና ለማልታ ታማኝ እንደሚሆን ይምላል። አሻራና መሐላ፤ በአካል መገኘት ግዴታ የሆነው ለእነዚህ ሁለት ቀናት ነበር።

ማጣሪያው የሚጠይቀው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ነው። ከማልታ ጋር ስላለው ግንኙነት ምን ይቅረብ? ለዚህ ወኪሎቹ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት መለገስ፣ የክበብ አባል መሆን፣ የኪራይ ውል መያዝ፣ ሁሉም የትስስር ማስረጃ ተደርጎ ፋይል ውስጥ ገባ። በ2021 የዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ ፋውንዴሽንና ሌሎች የመገናኛ ብዙኃን ሾልከው የወጡ ሰነዶችን መርምረው የፓስፖርት ወረቀቶች በሚል ስም ሲያሳትሙ፣ የተገኘው ይኸው ነበር። ብዙዎቹ አመልካቾች በዓመቱ ውስጥ ደሴቲቱ ላይ ሊቆዩ ያቀዱት ከሦስት ሳምንት በታች ነው። የተከራዩዋቸው አፓርታማዎችም ሰው የማይኖርባቸው ሆነው ተገኙ። ቁልፉ ወኪሉ ዘንድ ነው፣ አልጋው አልተነካም፣ ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይከፈላል። በዚያው ዘመን ማልታውያን ወጣቶች የቤት ኪራይ ናረብን ብለው ያማርሩ ነበር። ለኪራዩ መናር ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በእነዚህ ሰዎች ማላከክ አይቻልም። ሰው የማይገባበት ቤት ግን የፕሮግራሙን ባሕርይ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ያሳየኛል፤ ቤት አለ፣ ነዋሪ የለም።

ፋውንዴሽኑ የተሰየመላት ጋዜጠኛ ዳፍኒ ካሩዋና ጋሊዚያ የፕሮግራሙ ብርቱ ተቺ ነበረች። በኦክቶበር 16፣ 2017 ቢድኒያ በተባለችው መንደር ከቤቷ እንደወጣች መኪናዋ ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ተገደለች። በሙስና ላይ የጻፈቻቸው ጉዳዮች ብዙ ነበሩ፤ ግድያዋን ከፓስፖርቱ ጋር ማያያዝ አይገባም። ነገር ግን የምርመራው መዘዝ መንግሥትን ሲያናውጥ፣ በ2019 መጨረሻ ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣና ሙስካት በጃንዋሪ 2020 ሥልጣን ሲለቁ፣ በእሳቸው ዘመን የተተከለው ሁሉ፣ ፓስፖርቱም ጭምር፣ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ለማልታ መንግሥት ፍትሐዊ እንሁን። ገንዘቡ ትንሽ አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ ከ1.4 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ ተገኝቷል ይላል። ከመዋጮው 70 በመቶው ለልማትና ማኅበራዊ ጉዳይ በተቋቋመ ፈንድ ውስጥ ገብቷል። ማዕድንም ነዳጅም የሌላት ትንሽ አገር የቀራትን ብቸኛ ሀብት፣ ሉዓላዊነቷን፣ ለምን አትሸጥም የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በእኛስ አገር ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል የለ? የእኔ ቅሬታ በሽያጩ ትርፍ ላይ አይደለም። ደሴቲቱ ላይ ለዓመታት ወለል ሲያጸዳ፣ አሸዋ ሲያመላልስ፣ አዛውንት ሲጦር የኖረው ስደተኛ ትስስሩ በእጁ መሻከር ላይ እየታየ ፋይሉ ተቀባይ ማጣቱ ነው። በመደበኛው ሕግ አንድ የውጭ ሰው ከማመልከቱ በፊት ባሉት 12 ወራት፣ ከዚያም በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት ውስጥ በድምሩ አራት ዓመት ማልታ መኖር አለበት፤ ያን አሟልቶም ቢሆን ውሳኔው የሚኒስትሩ ፈቃድ ነው።

የቆጵሮስ ታሪክ አጭርና የከፋ ነው። በ2013 ባንኮቿ ሲወድቁ በሩን በሰፊው ከፈተች፤ ኋላ ዋጋው ወደ 2 ሚሊዮን ዩሮ ወረደ። በኦክቶበር 2020 አልጀዚራ በድብቅ የቀረጸው ፊልም የፓርላማው አፈ ጉባኤ ዴሜትሪስ ሲሉሪስ ወንጀል የተፈረደበትን የይስሙላ ቻይናዊ ባለሀብት ሊረዱ ሲስማሙ አሳየ። አፈ ጉባኤው ሥልጣን ለቀቁ፣ ፕሮግራሙም ኖቬምበር 1 ቀን ተዘጋ። አጣሪ ኮሚሽኑ እንደደረሰበት ከ2007 ጀምሮ 6,779 ሰው በዚህ መንገድ ዜጋ የሆነ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ ሕጉን ያልጠበቀ ነበር።

በዚያው ኦክቶበር 2020 የአውሮፓ ኮሚሽን በማልታም በቆጵሮስም ላይ የሕግ ሂደት ጀመረ። ማልታ አልዘጋችም፤ ስሙን ቀየረች። የግል ባለሀብቶች ፕሮግራም መባሉ ቀርቶ በቀጥታ ኢንቨስትመንት ለሚሰጥ ልዩ አገልግሎት የሚፈቀድ ዜግነት ተባለ፣ ኮሙኒታ ማልታ የተሰኘ አዲስ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመለት። ለሦስት ዓመት ነዋሪ የሆነ 600,000፣ በአንድ ዓመት እንዲያልቅለት የፈለገ 750,000 ዩሮ ይከፍል ነበር። ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ 10,000 ዩሮ ግዴታ ሆነ። ሁለት ዓመት የጥበቃ ጊዜ በ150,000 ዩሮ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ በማርች 2022፣ ማልታ የሩሲያና የቤላሩስ ዜጎችን ማመልከቻ መቀበል አቆመች። ቡልጋሪያ በዚያው ወር የራሷን ፕሮግራም ሰረዘች። በኅብረቱ ውስጥ ዋጋ ለጥፎ የሚሸጥ ፕሮግራም ይዛ የቀረችው ማልታ ብቻ ሆነች።

ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር 2022 ጉዳዩን ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ለማቅረብ ወሰነ። የማልታ መከራከሪያ ጠንካራ ነበር። ዜጋዬ ማን እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ፣ የኅብረቱ ውልም ይህን አልወሰደብኝም አለች። የፍርድ ቤቱ ጠቅላይ አማካሪ አንቶኒ ኮሊንስ በኦክቶበር 2024 በሰጡት አስተያየት ከማልታ ጎን ቆሙ፤ የኅብረቱ ሕግ እውነተኛ ትስስር ይኑር ብሎ አያስገድድም አሉ። ማልታ የረታች መስሏት ነበር።

ኤፕሪል 29፣ 2025 ታላቁ ችሎት ተቃራኒውን ፈረደ። ዳኞቹ የዜግነት መሠረቱ በመንግሥትና በዜጋው መካከል ያለ የመደጋገፍና የቅንነት ግንኙነት ነው አሉ። ተቆርጦ በተነገረ ዋጋ የሚሰጥ ዜግነት ግን ግብይት ነው፤ የኅብረቱን ዜግነት ሸቀጥ ያደርገዋል፣ በአባል አገሮች መካከል ያለውንም መተማመን ያፈርሳል። ፍርዱ ውስጥ ያ የሁለት ቀን ጉዳይ አልተዘለለም። አመልካቹ በአካል መገኘት የሚጠበቅበት ለአሻራና ለመሐላ ብቻ መሆኑን ዳኞቹ አንሥተው በእውን መኖር እንደ ዋና መስፈርት ተቆጥሯል ሊባል እንደማይችል ገልጸዋል። ሄግ በ1955 ያነሣችው ጥያቄ ከ70 ዓመት በኋላ በሌላ ፍርድ ቤት፣ በሌላ ሕግ፣ በሌላ ቃል ተመለሰ።

ለኢትዮጵያዊ ባለሀብት ይህ ገበያ ክፍት በነበረበት ዘመንም ቢሆን ሌላ ዋጋ ነበረው። በእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ማልታ ላይ የማለ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ የሚገባው በትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ነው። ለገዢዎቹ ይሰጥ በነበረው ውብ መጽሔት ላይ ይህ ዓይነቱ ወጪ አይጻፍም ነበር።

የማልታ ፓርላማ በጁላይ 2025 ሕጉን ቀየረ። በክፍያ የሚገኘው መንገድ ተዘግቶ በምትኩ ለሳይንስ፣ ለጥበብ፣ ለስፖርት፣ ለሥራ ፈጠራና ለመሳሰሉት ልዩ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሰዎች እንደ ሥራቸው የሚታዩበት አሠራር ገባ። የተሰጡት ፓስፖርቶች ግን እንደጸኑ ናቸው፤ መንግሥት ፍርዱ ያለፈውን አይነካም ብሏል። በጋዜጣው ላይ በመጠሪያ ስማቸው ተራ የተደረደሩት ሰዎች ዛሬም ማልታውያን፣ ዛሬም አውሮፓውያን ናቸው። ከእንግዲህ የሚወልዷቸው ልጆች ደግሞ ዜግነቱን የሚያገኙት ያለ ክፍያ፣ ያለ አሻራ፣ በደም ነው።